የሰገሌን ፈረሰኛ ፍለጋ፦ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ

ስለ ሰገሌ ጦርነት የተጻፈውን ብታገላብጡ የምታገኙት የመኳንንት ስም ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የመሩት የሸዋ ጦር አሸነፈ፤ ንጉሡም ተማርከው አዲስ አበባ ገቡ። ይህን የማያውቅ የለም። ከንጉሡ ጋር ፈረሱን ኮርቻ ጭኖ የመጣው ተራ ሰው ግን ማን ነበር? ፈረሱን ከየት አገኘ? ሚስቱ ከዚያ በኋላ በምን ኖረች? ከእነዚያ ፈረሰኞች አንዱ ቅድመ አያቴ ነበር። እሱን ለማግኘት ብዙ ደክሜያለሁ፤ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ግማሹ ድካም በቀረልኝ ነበር።

የታተሙ መጻሕፍትንና ዜና መዋዕሎችን አንብባችሁ የዘመቻውን መንገድና የአለቆቹን ስም ያዙ፤ ያ ይበቃል። የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች (የያኔዎቹ ኤምባሲዎች) የጻፉትም የሚያወራው ስለ መሪዎች ነው። ተራው ወታደር እዚያ ውስጥ የለም።

ወሎ ላይ አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ማወቅ አለባችሁ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሹማምንት ክርስትና አስነሥተዋል፤ መሐመድ አሊ የነበሩት ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። ከጌታቸው ጋር ብዙ ጭፍራም ተጠምቋል። ስለዚህ አንድ ሰው በቤቱ አንድ ስም፣ በጌታው ግቢ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ቅድመ አያቴም እንደዚያ ነበር። አያቶቼ በእስልምና ስሙ ነው የሚያነሡት፤ በወረቀት ላይ ያለው የክርስትና ስሙ ነው። በአንዱ ብቻ የፈለገ ሰው ሌላውን ግማሽ ሕይወት ያጣዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ተራ ወታደር በጦርነት ወረቀት ላይ ባይገኝም በመሬት ክርክር ወረቀት ላይ ይገኛል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ርስት ሲካሰሱ ምስክር ይቆማል፤ ምስክሩም «እገሌ ከንጉሡ ጋር ዘምቶ ቀረ» ብሎ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይጽፈዋል። የእኛ ቤተሰብ እንደዚያ ዓይነት ክርክር እንደነበረው ስለማውቅ መዝገቡ ይገኝበታል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራውም።

መጀመሪያ የትብብር ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ለራሴ ቤተሰብ ጉዳይ ማን ደብዳቤ ይጽፍልኛል? ለምኜ አጻፍኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ስለሚል አንቀበልም ተባልኩ። ተስተካክሎ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው ሲገኙ የመዝገብ ቁጥር ጠየቁኝ። ቁጥሩ ያለው እነሱ ጋ በሚገኘው ባሕር መዝገብ፣ ማለትም መዝገቦቹ በተዘረዘሩበት ትልቅ ደብተር ላይ ነው፤ ባሕር መዝገቡን ለማየት ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል። ይህን ፊታቸው ቆሜ ስናገር የሟቹን ስም እስከ አያት ጻፍና ተመለስ አሉኝ። ጻፍኩ። በመጨረሻ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ፦ መዝገቡ ተወግዷል።

አልተወገደም ነበር። አንዲት ነባር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ከግቢው ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ወሰደችኝ። የድሮው መዝገብ በጆንያ ታጭቆ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከላይ ያለውን ዝናብ አበስብሶታል። የእኛ ከሥር ስለነበር ተርፏል። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የፈረመው ሰው መጋዘኑን ከፍቶ አላየም። ስንቱ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይሆን? «ተወግዷል» ከተባላችሁ የማስወገጃውን ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ በሉ። የተወገደ ነገር ማን እንዳስወገደውና መቼ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ካላሳዩአችሁ አልተወገደም ብላችሁ ፈልጉ።

የሟቹን ሙሉ ስም ያዙ የሚለውንም ምክር አትስሙ። መዝገቡ የተከፈተው በተካሳሾቹ ስም ነው፤ ወታደሩ ያለው በውስጡ፣ በምስክር ቃል ላይ ነው። የመሬቱን ስም፣ የአጥቢያውን ስምና ያደረበትን ጌታ ስም ይዛችሁ ሂዱ።

የምስክሩ ቃል አጭር ነበር። በገዛ ዳማ ፈረሱ ዘመተ፤ ጋሻውን የሚይዝ አሽከር አብሮት ነበር፤ ሁለቱም አልተመለሱም። ሚስቱ ተዝካር አወጣች፤ እናቱ ደግሞ ሰደቃ አበላች። አንድ ሰው በሁለት ሃይማኖት ተለቀሰ ማለት ነው። በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ስለ ወሎ ይህን ያህል የነገረኝ ገጽ አላገኘሁም።

ይህን ይዤ ወደ አገር ቤት ተመለስኩ። ወንዶቹ ሽማግሌዎች ስለ ንጉሡና ስለ ጀግንነት አወሩኝ። የሚጠቅመኝን የነገሩኝ ሴቶቹ ናቸው፤ ማን ስንቅ እንዳዘጋጀ፣ ማን ከብት ሸጦ ኮርቻ እንደገዛ፣ መበለቷን ማን ከመሬቱ ሊነቅላት እንደሞከረ ያውቃሉ። ስለ ሰውዬው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ፈረሱ ጠይቁ። መልኩ ዳማ ነበር ወይስ ጉራች? የራሱ ነበር ወይስ ጌታው የሰጠው? የራሱ ከሆነ ቤቱ የደላው ነበር፤ ከጌታው ግቢ ከወጣ ሰውየው የዚያ ግቢ ሰው ነውና ፍለጋችሁን ወደ ጌታው ዘሮች አዙሩ። የባሏን ዘመድ ስም የዘነጋች አሮጊት የፈረሱን መልክ ስትናገር አትደናቀፍም፤ ከፈረሱም ተነሥታ ወደ ሰዎቹ ትመለሳለች። ድምፃቸውን ስትቀዱ ቅጂውን ለልጆቻቸው ተዉላቸው።

የጋሻ ያዡን አሽከር ቤተሰብ እስካሁን አላገኘሁም። ርስት ስላልነበረው የሚካሰስለት ወራሽ የለም፤ በመዝገብም አይገኝም። በሚቀጥለው በጋ የቅድመ አያቴን ጌታ አጥቢያ ቤት ለቤት እዞራለሁ።