ከእንስሳት ሀብት ወደ ሰው ሀብት

አባቴ ዛሬም ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ልጄ የከብት ሐኪም ነው» ይላል። ሥራውን ከተውኩት ሦስት ዓመት አልፎኛል። «አባባ፣ አሁን እኮ ሰው ሀብት ነው የምሠራው» ስለው ትንሽ ያስብና «ሀብትማ ከብት ነው» ይላል።

ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ሰው መቅጠር ነው ስለው «እንግዲያው የእንትናን ልጅ ቅጠራት» ማለት ጀመረ። ሰው ማሰናበትም አለበት ስለው ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ። የከብት ሐኪም እንደሆንኩ ልኑር።

ደግሞ አልተሳሳተም። ድሮ ደመወዜን የምቀበለው ከእንስሳት ሀብት ነበር። አሁን የምሠራበት ክፍል በር ላይ «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚል ተለጥፏል። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። ጥበቃው ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። ለማስረዳት አፈርኩ።

መንዝ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ገበሬው ግን «ዶክተር» ይለኛል፣ እኔም አላርመውም ነበር። አንድ ሞተር ሳይክል፣ አንድ የክትባት ሳጥን፣ መርፌና የትል መድኃኒት። በጓሣ በኩል በሚነፍሰው ብርድ ጠዋት ሞተር ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ለምን ተውከው ሲሉኝ ለየሰው የተለያየ መልስ አለኝ። ደመወዙ፣ ጉልበቴ፣ የልጆቹ ትምህርት። ሁሉም እውነት ነው። የቆረጥኩት ግን አንድ ቀን ነው። መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል፣ መድኃኒት አልመጣም። (የመንገዱን ነገር የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል፤ አልዘረዝረውም።) አንድ ሽማግሌ በግ ተሸክመው ሁለት ሰዓት በእግር መጡ። ሳጥኔን ከፍቼ ባዶነቱን አሳየኋቸው። በጓን አየሁላቸው፣ ሙቀቷን ለካሁላቸው፣ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። «ስላየህልኝም እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተሸክመዋት ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማኔጅመንት በርቀት ስማር ቆይቼ ነበር። ሞጁሉን ከመርፌው ጋር በአንድ ቦርሳ ነበር የማዞረው። አንዳንዱ ገጽ ዛሬም የመድኃኒት ሽታ አለው።

ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ጀማሪ ባለሙያ ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያወጣ አመለከትኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሲቪዬን ገልበጥ አድርጎ «ዘጠኝ ዓመት በግ ስታክም ኖረህ ሰው ጋ ምን አመጣህ?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ቤት የተለማመድኩት መልስ ሁሉ ጠፋኝ። «በግ የት ጋ እንዳመመው አይናገርም። ፈልጎ ማግኘት ነበር ሥራዬ» አልኩ። ያኔ ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹን ነው የተናገርኩት። በግ ባይናገርም አይዋሽም።

በ34 ዓመቴ ጀማሪ ሆንኩ። አለቃዬ በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። መጀመሪያ የሰጠችኝ ሥራ ሳይሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ነው፣ ቁጥር 1156/2011። «ይህን ሳትጨርስ ሠራተኛ ፊት እንዳትቆም» አለችኝ። እንደ መድኃኒት መጠን ሸመደድኩት። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን። የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን። ከጡረታ አዋጁ ደግሞ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ይኼ ቀላሉ ነበር።

ከባዱን ካፌ ውስጥ ተማርኩት። አንድ ሠራተኛ የሐኪም ወረቀት አምጥቶ የሕመም ፈቃድ ወጣ። ምሳ ላይ የፈረቃ ኃላፊው «ያ ልጅ የት ጠፋ?» ሲለኝ የበሽታውን ስም ጠርቼ ነገርኩት። ጠረጴዛው ሙሉ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠርታኝ «አንተ፣ ገበያ ላይ ነህ እንዴ? ፈቃድ ላይ ነው ብትል ይበቃ ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ግን የኖርኩት በተቃራኒው ነው። አንድ መንደር አባ ሰንጋ ከገባ ዝም ማለት ወንጀል ነው። የማን በሬ እንደሞተ፣ የት እንደሞተ፣ ሥጋውን ማን እንደነካ ጮኸህ ትናገራለህ። ለዘጠኝ ዓመት በሽታ ማወጅ ሥራዬ ነበር። እዚህ ደግሞ መደበቅ ሆነ።

ልጁ ሲመለስ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ችግር የለም፣ ጋሼ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በስሜ ነበር የሚጠራኝ።

አሁን ስለ ጣት ልጻፍ። ማስታወሻውን የከፈትኩትም ለእሱ ነው።

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። የጠዋቱ ፈረቃ አንድ ሰዓት ላይ ይገባል፤ መግቢያው ላይ የአሻራ ማሽን አለ። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ የማርፈድ ዝርዝሩ ድንገት ረዘመ። አዋጁ በዚህ ላይ ጨካኝ ነው። በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሰው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። ከዝርዝሩ ሦስቱ ስድስትና ሰባት ላይ ደርሰዋል። ቀጣዩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤያቸው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የቀረው ፊርማ ነው።

ኮሌጅ ያስተማረን አንድ መምህር «መንጋ ሲታመም መዝገብ ላይ አታፍጡ፣ ግጦሹ ድረስ ሂዱ» ይለን ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሄጄ ከጥበቃው ከሰል አጠገብ ቆምኩ።

ሰርቪሱ በሰዓቱ ደረሰ። ሁሉም ወረዱ። ያረፈደ ሰው የለም። ሰልፉ ግን አይንቀሳቀስም። ስሟ ደብዳቤው ላይ ያለች ልጅ ተራዋ ደረሰ። አውራ ጣቷን አስቀመጠች፤ ቀይ መብራት። እፍ እፍ አለችበት፤ ቀይ። ነጠላዋ ላይ ጠረገችው፤ ቀይ። ጣቷን ወደ ፀጉሯ አስገብታ ቅባት አስነካችውና ደገመች። ከኋላዋ «እህት፣ ፍጠኚ እንጂ!» እያሉ ነው። አረንጓዴው ሲበራ ሰዓቱ አንድ ከሰባት ይላል።

እጇን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ፈራች። አውራ ጣቷ ውኃ እንደናፈቀው መሬት ተሰነጣጥቋል። ምን ነክቶት ነው ስላት ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ ከሥራ በኋላ ሰው ቤት ልብስ እንደምታጥብ ነገረችኝ። በዚያ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውኃ። ሌላ ሥራ አለሽ ተብዬ እባረራለሁ ብላ ነው የደበቀችው።

ያኔ ነው የራሴ ጣት ትዝ ያለኝ። የተቀጠርኩ ቀን የእኔንም አውራ ጣት ማሽኑ አላነበበውም። ስንት ዓመት በአልኮልና በመድኃኒት የታጠበ ጣት ነው። የአይቲው ልጅ «የመንዝ ጣት!» ብሎ ስቆ ወዲያው ትንሿን ጣቴን መዘገበልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቢሮ ስለሆንኩ ነዋ። ለእሷ ያን ሁለት ደቂቃ የሰጣት የለም፤ የሰጠናት ደብዳቤ ነው።

ለአለቃዬ ስነግራት «ስሰማህ አዘንኩ» አላለችም። «ማስረጃ አምጣ» ነው ያለችኝ፣ ደግ አደረገች። ሁለት ሳምንት ደብተር ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሰው ከሰርቪስ የወረደበትን ሰዓት በአንድ በኩል፣ ማሽኑ የመዘገበውን በሌላ በኩል። ልክ እንደ ወረርሽኝ መዝገብ። የብዙዎቹ ማርፈድ ማሽኑ ያመጣው ሆኖ ተገኘ። የአንዱ ግን የራሱ ነበር፤ ደብተሬም አላዳነውም፣ ደብዳቤው ደረሰው። የሌሎቹ ተሰረዘ። ጣታቸው ለተጎዳ ሁለተኛ ጣት ተመዘገበ፣ ጥበቃው መስኮት ላይ አንድ ትልቅ ቫዝሊን ተቀመጠ። ከኃላፊዎቹ አንዱ «ሐኪሙ ደግሞ ቅባት ጀመረ» ብሎ ቀለደብኝ። ቫዝሊኑን ግን እሱም ሲቀባ አይቼዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው የሚወደኝ እንዳይመስላችሁ። መንደር ስገባ ልጆች ሞተሬን እየተከተሉ ይሮጡ ነበር። እዚህ ማምረቻው ውስጥ ስገባ ወሬ ይቆማል። ለምጄዋለሁ ልል ነበር፤ አለመድኩትም።

ያለፈው እሑድ ማታ፣ ወደ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ከማሸጊያ ክፍል ነው፣ የሞላሌ አካባቢ ልጅ።

«ጋሼ፣ ነገ መግባት አልችልም።»

«ምነው?»

«ሐዘን ነው። ቤተሰብ።»

አዋጁ ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። እግዜር ያጥናህ ብዬ እንደ ደንቡ ማን እንደሞተ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ከዚያ «ገና አልሞተችም» አለኝ።

በጓ ናት። የእናቱ፣ የምትወልደው። ሦስት ሳምንት ሆኗታል፣ አንገቷን አጣማ በአንድ ጎን ትዞራለች፣ ግድግዳ ትገጫለች። «በየትኛው ጎን ነው የምትዞረው? ዓይኗ ያያል?» እያልኩ ሳላውቀው ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ባለቤቴ አየችኝና ቴሌቪዥኑን ቀነሰች።

አዙሪት ነው። ትሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ውኃ ቋጥሯል፤ በመርፌ የሚመለስ አይደለም። ሳትከሳ ማረድ ነው አልኩት።

«ጾም እኮ ነው፣ ጋሼ። ገና ድረስ አትቆይም?»

«አትቆይም። ገበያ አውጥታችሁ ደግሞ ለሰው እንዳትሸጡ። ጭንቅላቷን ውሻ እንዳያገኘው፣ አጥልቃችሁ ቅበሩት። ውሻው ከበላው ትሉ በኩሱ ሣሩ ላይ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሌላዋ ነች የምትዞረው።»

«እሺ ዶክተር» አለኝ። ከየት እንደሰማ አላውቅም።

«ከዓመት ፈቃድህ አንድ ቀን ይያዛል። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ላይህ።»

ሰኞ ጠዋት ፎርሙን ሞላሁለት። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ እጄ ለምዶ «አዙሪት» ብሎ ጻፈ። ቀድጄ ሌላ ፎርም አወጣሁና «የቤተሰብ ጉዳይ» አልኩት።