ቤልጅግን በኤርሶፍት እንዴት እንደሰራሁት እና ምን እንደተማርኩ

ኤርሶፍት ማለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት በሚተኩሱ የጠመንጃ አምሳያዎች የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤርሶፍት ጨዋታ ላይ ስትሄዱ ጀርመን የሆነው ካር 98ኬ ይዞ ይመጣል፣ አሜሪካኑ ኤም 1 ጋራንድ፣ እንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ፣ ከኛ ወገን ግን ምንም የለም። እኛ እኮ ከነሱ ሁሉ ቀድመን ነው ጦርነት የገባነው፣ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ ያን ቀን የተዋጋው ክቡር ዘበኛ ደግሞ በቤልጅየም መኮንኖች የሰለጠነ ጦር ነው። ይሄ ነገር ውስጤን ይበላኝ ስለነበር ቤልጅግ ልስራ ብዬ ተነሳሁ።

ለማያውቅ፣ ቤልጅግ የምንለው ሊዬዥ አጠገብ ሄርስታል ያለው ኤፍኤን ፋብሪካ የሰራው ማውዘር ነው፣ አገራችን ከጣልያን ወረራ በፊት ከገዛቻቸው ጠመንጃዎች አንዱ ነው፣ አናቱ ላይ የአንበሳ ማህተም የተመታበት። በኤርሶፍት ተሰርቶ የሚሸጥ ቤልጅግ እስካሁን አላየሁም። ግን ኤፍኤንም ካር 98ኬም የአንድ አባት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ከ1898ቱ ማውዘር የመጡ ስለሆኑ መነሻዬ ካር 98ኬ ሆነ። የጃፓኑ ታናካ በጋዝ የሚሰራ ቆንጆ ካር 98ኬ አለው፣ ዋጋው ግን ለመጋዝና ለሞረድ አያስደፍርም፣ ስለዚህ በሞላ የሚሰራ እውነተኛ እንጨት ያለው ርካሽ ገዛሁ።

ከሁሉ በፊት ፎቶ ሰብስቡ። ትክክለኛው መሳሪያ የተሸጠባቸው የጨረታ ፎቶዎች በጣም ጥሩ ናቸው፣ በሁሉም ጎን ቅርብ አድርገው ስለሚያነሱት። እኔ ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ ደርድሬ ካር 98ኬውን ጎናቸው አስቀምጬ ልዩነቱን ጻፍኩ። የአፈሙዙ ርዝመት ልዩነት 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ እሱን ተውኩት፣ ሜዳ ላይ ማንም አያየውም። ከሩቅ የሚያስታውቁት ሌሎች ናቸው፣ ማቀባበያው ወደ ታች የታጠፈ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ ነው፣ ላይኛው የእጅ መከላከያ እንጨት ደግሞ ከማነጣጠሪያው ፊት ሳይሆን የአንበሳው ማህተም ካለበት ከአናቱ ብረት ጀምሮ ይሄዳል፣ ሰደፉ ላይም ያ የጀርመኑ የማንገቻ ቀዳዳ የለም።

ስለማንገቻው ግን ከፎቶ በፊት የነገሩኝ አንድ አባት ናቸው። ቤት መጥተው ገና ያላለቀውን አንስተው ገለባብጠው አዩትና «ልጄ፣ ማንገቻው ከስር ነው የሚታሰረው፣ ከጎን ካሰርከው የሌላ አገር ይሆንብሃል» አሉኝ። «እሺ አባባ፣ ከስር አደርገዋለሁ» አልኳቸው፣ ከዛ ፎቶዎቹን ሳይ በትክክል እንዳሉት ነው። በዚህ እድሜ ያሉ ሰዎች በዙሪያችሁ ካሉ ሳይመሽ ጠይቋቸው፣ እጃቸው የያዘውን ነገር አይረሱም።

እንጨቱ ከሁሉም በላይ ጊዜ የበላው ነው፣ የወደድኩትም እሱን ነው። የማንገቻውን ቀዳዳና ለታጠፈው ማቀባበያ ተብሎ የተቦረቦረውን ቦታ መድፈን ነበረብኝ። የእንጨት ማስቲሽ ቀለም አይቀበልም፣ ዘይት ስትቀቡት እንደ ቁስል ጠባሳ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ ስለዚህ ከአሮጌ የዋልነት ጠረጴዛ እግር ቁራጭ አውጥቼ የእንጨቱ መስመር ከሰደፉ መስመር ጋር እንዲሄድ አዙሬ በሞረድ ቀስ በቀስ እያሳነስኩ ገጠምኩት፣ ከዛ ኢፖክሲ፣ በሞርሳ አስሮ ማሳደር፣ ከዛ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ልስልሱ። መጨረሻ የተልባ ዘይት በጨርቅ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትደርቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፣ እየደረቀ ሲሄድ ራሱን ያሞቅና እሳት ሊያነሳ ይችላል፣ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ክተቱት።

ማቀባበያው ሌላ ፈተና ነው። የርካሽ ኤርሶፍት ብረት አብዛኛው ዚንክ ነው፣ በተራ ሳልዳቱራ ስትነኩት ይቀልጣል። እኔ የታጠፈውን ቆርጬ ስሩ ላይ ቀዳዳ በስቼ ጥርስ አወጣሁለትና የብረት ዘንግ በቪቴ አስሬ በኢፖክሲ አጠናከርኩት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ክብ የብረት ጉልላት። ዚንክ ላይ ጥርስ ስታወጡ ቶሎ ቶሎ ወደ ኋላ መልሳችሁ ፍርፋሪውን አውጡ፣ አለበለዚያ ይላጣል። ቀለሙም እንደዛው ነው፣ ለብረት የሚሆነው ማጥቆሪያ ኬሚካል ዚንክ ላይ እንደሚገባው አይሰራም፣ ስለዚህ ጥቁር ቀለም ነፍቼ ሲደርቅ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) በጨርቅ አሸሁበት፣ ያ ያረጀ ብረት የሚመስለው ግራጫ ብልጭታ ከዛ ነው የመጣው።

አንበሳውን ከፎቶ በኮምፒውተር ስዬ ሌዘር ያለው ቤት አስቀረጽኩት። ዘውዱና መስቀሉ በደንብ እንዲወጡ መስመሮቹን ትንሽ ማወፈር ያስፈልጋል፣ ሌዘር ስስ መስመር ላይ ይደበዝዛል።

የውስጡን በተመለከተ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጠንካራ ሞላ ማስገባት ነው፣ እኔ አልመክርም። ሞላው ሲጠነክር የዚንክ ክፍሎቹ ይበላሉ፣ ማቀባበሉም ይከብዳል፣ ጥይቱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቀጥ የሚያደርገው ሆፕ አፕ የሚሉት ጎማ ነው፣ 6 ሚሊሜትሯን የፕላስቲክ ጥይት ወደ ኋላ እያሽከረከረ የሚለቃት። ጥሩ ጎማ፣ 6.03 ሚሊሜትር የውስጥ በርሜል፣ አየር እንዳያመልጥ ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ትንሽ የቧንቧ ቴፍሎን፣ በቃ። የፒስተኑን ጎሚኒ ሲሊኮን ግሪስ ብቻ ቀቡት። ፍጥነቱን በ0.20 ግራም ጥይት ለክቼ ወደ 400 ጫማ በሰከንድ፣ ማለትም 1.5 ጁል አካባቢ ላይ አቆምኩት፣ ስጫወት ግን 0.36 ግራም ነው የምጠቀመው፣ ንፋስ አይጫወትበትም።

አፈሙዙ ላይ ያለውን፣ እውነተኛ መሳሪያ አለመሆኑን የሚያሳየውን ብርቱካናማ ምልክት አልነካሁትም። መልኩን ያበላሻል የሚሉኝ አሉ፣ ግን እዚህ አገር ጥቁር ሰው እንጨትና ብረት የሆነ ጠመንጃ ይዞ ፓርኪንግ ላይ ሲታይ ፖሊስ ታሪክ አይጠይቅም። ሁልጊዜ በተዘጋ ቦርሳ ነው የማጓጉዘው፣ የማወጣውም ሜዳው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ህጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የናንተን ከመጀመራችሁ በፊት እዩ።

አሁን ወደ ውጅግራ እየሄድኩ ነው፣ የ1874ቱ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ እሱ ግን መነሻ የሚሆን ኤርሶፍት ስላላገኘሁለት ከባዶ ነው የሚሰራው። ቤተሰብ ጋር አሮጌ ውጅግራ ያላችሁ ካላችሁ ባዶ መሆኑን አረጋግጡና የሰደፉን ርዝመትና የማቀባበያውን ቤት ስፋት ለክታችሁ ብትልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው፣ ሚሊሜትር ቢሆን ይሻለኛል፣ ከጎንና ከላይ የተነሳ ፎቶ ደግሞ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ።