አምስት ዓመት የጨመሩልኝ

ማስታወቂያውን ያየሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከአጋሮ ወደ ጅማ እየተመለስኩ ነበር። ጫማዬ ላይ የቡና ማሳ ጭቃ አለ። የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ነጻ የትምህርት ዕድል ይላል። የዕድሜው መስመር ጋ ስደርስ ስልኬን ልዘጋው ነበር። ከዚያ በፊት ያየኋቸው አብዛኞቹ እዚያ መስመር ላይ ነው የሚያስቀሩኝ። ይሄኛው ግን ለወንድ 30፣ ለሴት 35 ይላል። ለዶክትሬት ደግሞ 35 እና 40። ደግሜ አነበብኩት።

34 ዓመቴ ነበር።

እነዚያ አምስት ዓመታት የት እንደገቡ እኔ አውቃለሁ። ከጅማ ግብርና ኮሌጅ በዲግሪ ስመረቅ አብረውኝ የወጡ ወንዶች በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ ማስተርሳቸውን ጀመሩ። እኔ በዚያ ጊዜ ሁለት ልጅ ወለድኩ። እማዬ ታመመች፤ አስታመምኳት። ቀን ገበሬ ጋ፣ ማታ ጓዳ። ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም የቀረሁት። ያንን ሕግ የጻፈው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ የሴት ዕድሜ በምን እንደሚያልቅ ገብቶታል። ሌሎቹም የትምህርት ዕድል ሰጪዎች እንዲህ ቢያስቡ ስንት እህቶቼ በገቡ ነበር እላለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ግን አላለፍኩም። ለምን እንዳላለፍኩ በደንብ ልናገር፤ የሚጠቅመው እሱ ነውና።

የማመልከቻ ደብዳቤዬ ባዶ ነበር። ከኢንተርኔት ያገኘኋቸውን ደብዳቤዎች አይቼ ነው የጻፍኩት። «ሴቶችን ማብቃት እፈልጋለሁ፣ ለአህጉሬ ዕድገት አስተዋጽኦ ማድረግ ሕልሜ ነው» የሚል። ማንም ሊጽፈው ይችላል። ከአስር ዓመት በላይ የቡና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ያየሁት አንድም ነገር የለበትም።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት የጎማ ወረዳ ገበሬ የጠየቀችኝን ጥያቄ ጻፍኩ። ባሏ ሞቶባት ማሳውን ብቻዋን ነው የምትይዘው። የቡና ፍሬ በሽታ ምርቷን በልቶባታል። 74110 የሚባለውን ዝርያ ተክላ ነበር፤ ጎረቤቷ ደግሞ ሌላ ዝርያ ነገረቻት። «የትኛው ነው እኔ ማሳ ላይ የሚይዘው?» አለችኝ። 74110 እዚሁ አጠገባችን መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው። ቁጥሩ ውስጥ ያለው 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፤ በፈረንጅ 1974። በሽታው አገራችን ውስጥ በ1971 ታየ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚቋቋም ዛፍ ተመረጠ። ይህን አውቃለሁ። ግን ለእሷ ማሳ፣ ለእሷ ከፍታ የቱ እንደሚሻል በእርግጠኝነት መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ የዕፅዋት ማዳቀል መማር እፈልጋለሁ አልኩ። ደብዳቤው በዚህ አለቀ። ከፊተኛው በግማሽ ያጥራል።

በመሃል ሌላም ሞክሬያለሁ። ሴቶች የሚወዳደሩባቸውን ዕድሎች በደብተር ላይ ዘረዘርኩና ከእያንዳንዱ ጎን የሚያስቀረኝን ጻፍኩ። ይሄ ብዙ ድካም አተረፈልኝ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ አንድ ሳምንት አጥፍቻለሁ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፣ በቃ። ዳድ (DAAD) የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት አፍሪካ ውስጥ ለሚማሩ የሚሰጠው ዕድል ጥሩ ነው፤ ግን የመጨረሻ ዲግሪሽን ከያዝሽ ከስድስት ዓመት መብለጥ የለበትም። እኔ ከእጥፍ በላይ አልፌዋለሁ። ገና የተመረቃችሁ እህቶቼ ግን ቶሎ እዩት። ማርጋሬት ማክናማራ የሚባለው ድጋፍ ለሴቶች ብቻ ነው፤ 25 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። ነገር ግን ቀድማ ትምህርት ለጀመረች እንጂ ለመጀመር ለምታስብ አይሰጥም። ሽሉምበርዤ ፋውንዴሽን በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዶክትሬትና ከዚያ በላይ ለሚማሩ ሴቶች ነው። መቀመጫውን ጣሊያን ትሪየስቴ ያደረገው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅትም ለዶክትሬት ይከፍላል፤ የምትማሪው ግን ከአገርሽ ውጭ፣ በሌላ ታዳጊ አገር ነው። እነዚህን ሁለቱን ለነገ ብዬ አስቀመጥኳቸው።

አንዱ ደግሞ በሰዓት አመለጠኝ። ማመልከቻው የሚዘጋው «12 ፒኤም ጂኤምቲ» ይላል። እኔ እኩለ ሌሊት መሰለኝ። ቀትር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት። ሥራ ውዬ ማታ ኢንተርኔት ቤት ስገባ ገጹ ተዘግቷል። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የመዝጊያ ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት ቀይሬ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ሦስት ቀን ቀድሜም አስገባለሁ። ጅማ ዝናብ ሲጥል መብራትም ኔትወርክም እንደሚሄድ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው የሚያስፈራው። እኔን ያሰቃየኝ ወረቀት ነው።

ለዓመታት በእጄ የነበረው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ኦርጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ወጪ መጋራቱ መከፈል አለበት። ከደሞዜ ሲቆረጥ ኖሯል። ገንዘቡ በስሜ ገቢ ስለመሆኑ ማስረጃ ስጠይቅ ግን የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሁለት ዓመቱን ማግኘት አልቻለም። ፋይሉ የለም፣ ሠራተኛዋ ተዛውራለች ተባልኩ። ሁለት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ ቀሪውን ራሴ ከፈልኩ። እናንተ የምትቆርጡ ከሆነ በየዓመቱ ማስረጃውን ተቀበሉና ቤታችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ስሜ። የአባቴ ስም በላቲን ፊደል ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ይህ በደብዳቤ ተስተካከለ። የልደቴ ቀን ግን ሊያስቀረኝ ነበር። የተወለድኩት ጥር ላይ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለደ ሰው በፈረንጅ 7 ዓመት ይደመርለታል። ከዚያ በኋላ ያለው 8 ነው። የልደት የምስክር ወረቀቴን የሞላው ሰው 7 ደምሮ አንድ ዓመት አስረጅቶኛል። በሁለተኛው ዓመት ሳመለክት በትክክለኛው 35 ነኝ። በወረቀቱ 36። አስቡት፤ አምስት ዓመት የጨመረልኝን ሕግ አንድ የመደመር ስህተት ሊወስድብኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አስገብቼው ማንም አላየውም፤ እኔም አላየሁትም። ያስተካከለችልኝን የወሳኝ ኩነት ሠራተኛ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ቁጭ ብላ በጣቷ ቆጥራ «ልክ ነሽ እህቴ፣ ስምንት ነው» አለችኝ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ማመልከቻው ራሱ ክፍያ የለውም። «ከፍለሽ እኔ ላስገባልሽ» የሚል ደላላ ጅማም አለ፤ እኔንም አግኝቶኛል፤ እንዳትሰሙት። ግን ትራንስክሪፕት፣ ፓስፖርት፣ ማረጋገጫ፣ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር መሄድ መመለስ፣ ማደሪያ። የባሌ ደሞዝ ለቤት ነው፣ የኔም እንደዚያው። ያዳነኝ ዕቁብ ነው።

ጅማ መርካቶ ነጋዴ ከሆኑ ሴቶች ጋር የምንጥለው ዕቁብ ነበረን። ዳኛዋ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ዕጣ ሳይወጣ ቅድሚያ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ሰብስበው አስፈቀዱልኝ። አንዷ «ልጆቿን ጥላ ልትሄድ እኛ እንርዳት?» አለች። እሳቸው ቆጣ ብለው «እሷ ትማር፣ ነገ የኔን ልጅ ትመራታለች። አንቺስ ሴት ልጅ የለሽም?» አሏት። ዝም አለች። ገንዘቡን በሻሽ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስለ ሴቶች ትምህርት ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ ቀን የሚበልጥ አልሰማሁም።

እማዬን ማሳመን ሌላ ነበር። ልጆቹን የምትይዘው እሷ ናት። ስለ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ነገርኳት። ፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ ከአካባቢያቸው ኮሌጅ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው፣ አለማያ ግብርና ተምረው፣ ኋላ ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመሩ ሴት። እንደኔው የዕፅዋት ሰው። እማዬ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቡናውን አማሰለች። «እናቷ ግን ማን ናቸው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። «በይ ሂጂ» አለችኝ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ መምህራን ከተመረቅኩ ከስንት ዓመት በኋላ አያስታውሱኝም ብዬ ፈርቼ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ኮፒ፣ ውጤቴንና ምን ስሠራ እንደኖርኩ አንድ ገጽ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱም ጻፉልኝ። ባዶ እጅ ሄዶ «ጻፉልኝ» ማለት መምህሩንም ማስቸገር ነው።

መልሱ ሲመጣ ኢባዳን ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በአፍሪካ ኅብረት በ2011 በፈረንጅ የተቋቋመ ነው። ከተቋማቱ መካከል ናይሮቢ፣ ያውንዴ፣ አልጄሪያ ትለምሰንና ናይጄሪያ ኢባዳን ያሉት ይገኙበታል። የዕፅዋት ማዳቀል ያለው ኢባዳን ነው። ትኬት፣ ትምህርት፣ ወርሃዊ አበል ይሸፍናሉ። ስትጨርሺ አፍሪካ ውስጥ ለመሥራት ትፈርሚያለሽ፤ እኔ ያለ ማቅማማት ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ሦስት ወር ከባድ ነበር። ሙቀቱ፣ የልጆቼ ድምፅ፣ ከእኔ አስር ዓመት የሚያንሱ የክፍል ጓደኞቼ። ስታቲስቲክስ ረስቼ ነበር፤ አንዲት የቶጎ ልጅ በየማታው አስጠናችኝ። ማሳ ስንወጣ ደግሞ እሷ እኔን ትጠይቀኛለች። በዛፍ ሥር ቆሜ የኖርኩባቸው ዓመታት ብክነት እንዳልሆኑ እዚያ ነው የገባኝ።

ከተመለስኩ በኋላ ዕቁቡ ላይ አንድ ነገር ጨመርን። ከየዙሩ ትንሽ ገንዘብ ለብቻ ይቀመጣል። ለሴት ልጆች የትራንስክሪፕት፣ የፓስፖርትና የመንገድ ወጪ ብቻ። ስትመልሰው ያለ ወለድ ነው። እስካሁን ሦስት ልጆች ወስደዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛዋ ቤት መጣች። የዳኛዋ የልጅ ልጅ ናት፣ ዘንድሮ ከጤና ትምህርት የተመረቀች። ወረቀቶቿን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። የልደት ምስክር ወረቀቷን አነሳሁ። የተወለደችው የካቲት ነው። «ስንት ነው የደመሩልሽ?» አልኳት። እርሳስ አነሳችና መቁጠር ጀመረች።