ዓሣም የለ፣ ጸጥታም የለ

አክስቴ ደውላ «አለም ገና ሱባኤ አለን፣ ሦስት ቀን ነው፣ ጽሞና ነው፣ ና» አለችኝ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «ጽሞና» የምትለዋ ብቻ ናት። ሐዋሳ የተከራየሁት ቤት በአንድ በኩል ከብየዳ ቤት፣ በሌላ በኩል ከጁስ ቤት ጋር ይዋሰናል። ብየዳው ሲያርፍ ስፒከሩ ይቀበላል። ጸጥታ በኪሎ ቢሸጥ ደሞዜ አይበቃኝም። ስለዚህ አርብ ከሥራ አስፈቅጄ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ መቁጠሪያና ጀምሬ የተውኩት መጽሐፍ ይዤ ተነሳሁ።

እስከ ቃሊቲ እንቅልፍ ነው። ከቃሊቲ ጀሞ፣ ከጀሞ ካራ ቆሬን አልፎ አለም ገና ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ ረጅም ሰልፍ፣ ሁለት ሰዓት ከምናምን። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ጾም አይደል እንዴ፣ ቀጥናችኋል» ይላል። ማንም አልሳቀለትም። እኔም ያኔ አልሳቅኩም፤ አሁን ስጽፈው ነው የሳቅኩት።

አለም ገና ስወርድ ለአስራ ሁለት ተኩል ጥቂት ጉዳይ ነበር። «ካቶሊክ ጋ» ስለው ባለ ባጃጁ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቦርሳዬን አየ። «200» አለ። አክስቴ 20 ብር ነው ብላኛለች። «ወንድሜ፣ ማፍጠሪያዬ ደርሷል። ኮንትራት ነው፣ ከሄድክ ግባ።» ዘንድሮ ሮመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። ሁለት ጾመኛ ቆሞ ሲጨቃጨቅ ማየት ደግሞ ደስ አይልም። ገባሁ። መንገድ ላይ አዛን ሲሰማ ባጃጁን ዳር አስያዘና ከኪሱ ትንሽ ላስቲክ አወጣ። ሦስት ቴምር ናት። አንዷን ለእኔ ዘረጋልኝ። «አንተም ጾም ላይ ነህ አይደል?» ጠዋት ከበላሁት ዳቦ ወዲህ ምንም አልቀመስኩም ነበርና ያቺን ቴምር አልረሳትም። ስንደርስ 200 ብሩን አንድ ሳይቀንስ ተቀበለኝ። ደግነቱም ማስከፈሉም ከልቡ ነው።

ቁምስናው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያሻቅበው ዳገት ሥር ነው። ቆርቆሮ ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ፣ ሲስተሮቹ የሚያስተምሩበት አጸደ ሕፃናት፣ ከኋላ ባሕር ዛፍ። አክስቴ ሽርጥ ታጥቃ በር ላይ ቆማለች። እኔ ሱባኤ የምትገባ መስሎኝ ነበር። ለካ ወጥ ቤቱን ይዛዋለች። አገላብጣ ሳመችኝና «ከሳህ» አለች። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ትለኛለች፤ ዘንድሮ ሱሪዬ አልዘጋ ብሎኛል።

እራት ቆጮ በጎመንና ሽሮ ነው። «እናንተ ሐዋሳዎች በሁዳዴ ዓሣ ትበላላችሁ አሉ» ብላ ጀመረችኝ። እኔም ሕግ ጠቀስኩ። እኛ የላቲን ሥርዓት ነን። ሮም ለላቲኖች በግዴታ ያስቀመጠችው ጾም ዐመድ ረቡዕንና ስቅለትን ብቻ ነው፤ አርብ አርብ ከሥጋ እንከለከላለን፤ ዓሣ ደግሞ ከሥጋ አይቆጠርም። አክስቴ ጭልፋውን እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ሕጉን አንተ ያዘው» አለች። «ሽሮውን ግን ብላ።» በላሁ። ጥሩ ሽሮ ነው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ይበልጣል ካልኩ ግን ሐዋሳ አያስገቡኝም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግር ይላል። አንድ ካቶሊክ ሆነን ሁለት ዓይነት ነን። ሐዋሳን የመሰሉት የደቡብ አካባቢዎች በላቲን ሥርዓት ይቀድሳሉ። እኛ ጋ የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን ያቆሙት ነው፤ በአማርኛና በሲዳምኛ ተቀድሶ በአንድ ሰዓት ከሩብ ጊዜ ውስጥ ያልቃል፣ ጾሙም ግንባር ላይ ዐመድ በመቀባት ይጀምራል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ግን እንደ ዓዲግራት፣ እንደ እምድብር፣ እንደ ባሕር ዳርና ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ናቸው። ሁዳዴው ሙሉ 55 ቀን ነው። እሁዶቹም ጎረቤት ኦርቶዶክሱ እንደሚጠራቸው ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ እየተባሉ ይሄዳሉ። ፋሲካችን ግን ሁላችንም አንድ ቀን ነው። እኔ የደረስኩት ለመፃጉዕ ነው።

ማታ አንድ እንግዳ አባት፣ ካፑቺን ከሚባለው የመነኮሳት ማኅበር ናቸው፣ ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ነገሩን። የጎጃም ሰው፣ የኦርቶዶክስ መነኩሴ፣ ሊቅ፣ ዓይናቸው አንድ ብቻ። በ1841 እ.ኤ.አ. ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር በተላከው ጉዞ እስከ ካይሮ፣ ከዚያም እስከ ሮም ሄደዋል። ኋላ ካቶሊክ ሆኑ፣ ቅስና ተቀበሉ፣ በዚህም ታሰሩ። በ1855 ከነሰንሰለታቸው ሞቱ። ብፁዕ የተባሉት በ1926 ነው። ለአክስቴ ስለ ካራ ቆሬ የትራፊክ መጨናነቅ ልነግራት ያዘጋጀሁትን እሮሮ እዚያው ዋጥኩት።

ሌሊቱን ግን ሳላማርር አላልፍም። ወንዶቹ አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ላይ ነው የተኛነው። ወጨጫ የሚባለው ተራራ ሌሊት ሌሊት ሥራው ብርድ መላክ ነው። በበሩ ሥር ይገባል፣ በመስኮቱ ይገባል፣ የሲሚንቶው ወለል ደግሞ ከታች ያቀብለዋል። ሐዋሳ በአንድ አንሶላ የምተኛ ሰው ነኝ። እሱ ሳያንስ ከጎኔ የተኙት የከምባታ ሰው የሲኖትራክ ሹፌር ናቸው፤ ማንኮራፋታቸውም የተጫነ ሲኖ ዳገት ሲወጣ ነው። ማርሽ ሲቀይሩ ሁሉ ይሰማል። ስምንት ሰዓት ላይ ጅብ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሩቅ የማኅሌት ድምፅ መጣ። ሰውየውን በልቤ ምን ምን እንዳልኳቸው እዚህ አልጽፍም። ከዚያ በድንገት ማንኮራፋቱ ቆመ፣ ሙቀትም መጣልኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ ላዬ ላይ ሁለት ጋቢ አለ። የሹፌሩ ፍራሽ ባዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አገኘኋቸው፤ በሹራብ ብቻ፣ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ተንበርክከዋል። ጋቢውን ስመልስላቸው «ስትንቀጠቀጥ እንቅልፍ ነሳኸኝ እኮ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሲስተር መሶብ ይዛ ዞረች። ስልካችንን ከተትን። ክዳኑ ተከድኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሳይለንት ነው እንጂ አልጠፋማ። ቀኑን ሙሉ መሶቡ እንደ ንብ ቀፎ ሲያዜም ዋለ።

ጽሞናውስ? ከመጣሁ ጀምሮ እየጠበቅኩት ነው። በአንድ በኩል መዘምራን ለእሁድ ይለማመዳሉ። የአንዱ ከበሮ ሁሌ ቀድሞ ይደርሳል። ሕፃናቱ ለትምህርተ ክርስቶስ መጥተው ግቢውን ሞልተውታል። ወጥ ቤት የአክስቴ ሠራዊት በጉራጊኛ ይሳሳቃል። ዓሊቴና ተወልዶ እዚህ ሱቅ የከፈተ አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ኢሮብ ተራሮች ግማሽ ሰዓት አወጋኝ። እኔ መጽሐፌን እንደ ጋሻ ይዣለሁ፤ እሱ ግን አልፈራውም። በመጨረሻ ሲስተሯን ጠየቅኳት።

«ሲስተር፣ ጽሞናው መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጀምሯል እኮ!» አለችኝ፣ ሁለት ልጆች ቀሚሷን እየጎተቱ።

የረፋዱ ስብከት በመፃጉዕ ወንጌል ላይ ነበር፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 5፣ በመጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ። ካፑቺኑ አባት ረዘም ያደርጋሉ፤ ግማሹ አምልጦኛል። አንዲት ነገር ግን ያዝኩ። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው ሰውየው «አዎ» አላለም አሉ። የመለሰው «ሰው የለኝም» ብሎ ነው። ከ38 ዓመት በኋላ በሽታውን አይደለም ያስቀደመው። እኔ ደግሞ ሰው የሌለበት ቦታ ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቻለሁ። መጽሐፌን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ኑዛዜ በሰልፍ ነው። አባ ባሕር ዛፉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከፊቴ ያሉት ሹፌሩ ናቸው። የኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ የተናዘዝኩት ሌሊት እሳቸውን የተራገምኩትን ነው። አባ ሳቃቸውን ለማፈን መሬት መሬት አዩ። ንስሐዬ ሦስት «አባታችን ሆይ» ሆነ። «ደግሞ» አሉኝ፣ «ከሰዓት ለወንበሩ ሲጠሩህ እምቢ እንዳትል።»

የምን ወንበር እንደሆነ የገባኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አዳራሹ በር ላይ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነበር፣ በግራና በቀኝ ሁለት አጣና በገመድ የታሰረበት። ወንበሩ ላይ ትራስ አለ። ትራሱ ላይ ደግሞ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው አሮጊት ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ፍኖተ መስቀል ግን አይቀሩም፤ የጌታን የመከራ መንገድ ከመስቀል መስቀል እየቆሙ የሚጸልዩበት ነው። አሥራ አራቱ መስቀሎች ዳገቱን ይዘው ባሕር ዛፉ ውስጥ ወደ ላይ ተተክለዋል፤ ስለዚህ አራት ሰው ይሸከማቸዋል። ተሸካሚዎቹን ቁምስናው «ስምዖን» ይላቸዋል፣ በቀሬናዊው። «የዛሬ ስምዖን ማነው?» ሲባል ሹፌሩ እጄን ይዘው ወደ ላይ አነሱት።

እማማ ቀላል ናቸው። ትእዛዛቸው ነው የሚከብደው። «የግራው ዝቅ አልክ።» «አትሩጡ፣ ቀብር አይደለም።» እያንዳንዱ መስቀል ጋ እናወርዳቸዋለን፣ ሕዝቡ ይንበረከካል፣ ይነበባል፣ ይዘመራል፣ ደግሞ እናነሳለን። አምስተኛው ላይ፣ ስምዖን መስቀሉን ሲያግዝ፣ እማማ ለአራታችን ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው እፍኝ እፍኝ ሰጡን። እየተሸከምን ቆረጠምን። ሰባተኛው ላይ ትከሻዬ መቃጠል ጀመረ። አጣናው ላይ የተረፈች ጉጥ አለች፤ በትክክል አጥንቴ ላይ ነው ያረፈችው።

ዘጠነኛው መስቀል ኢየሱስ ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀበት ነው። መንገዱ ላይ የባሕር ዛፍ ፍሬ ፈሷል፣ ያቺ ትንሽዬ ቁልፍ የመሰለችው። ረገጥኳት፣ ተንከባለለች፣ በጉልበቴ ዱብ አልኩ። ወንበሩ ወደ እኔ አዘነበለ። እማማ ፀጉሬን ጨምድደው ያዙ። ዝማሬው ተቋረጠ። ከበሮው ዝም አለ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ዝም አሉ። ከአርብ ጀምሮ ስፈልገው የነበረው ጸጥታ የመጣው ያኔ ነው፤ ሦስት ሴኮንድ ቢቆይ ነው።

እማማ ፀጉሬን ሳይለቁ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«እሱም እዚሁ ጋ ነው የወደቀው» አሉ። «ተነስ።»

ተነሳሁ። ሹፌሩ ከኋላ ክብደቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት፤ አላየሁም፣ ትከሻዬ ነው የነገረኝ። አምስት መስቀል ይቀር ነበር።

እሁድ ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አብዛኛው በቁም። ካህኑ ሰላም ሲሉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ምስለ መንፈስከ» ይላል። እኔ በልማድ፣ ግማሽ እርምጃ ዘግይቼ፣ ጮክ ብዬ «ከመንፈስህም ጋር» አልኩ። ከፊቴ ያለች ልጅ ዞራ አየችኝ። ከሦስተኛው በኋላ እሷው ቀድማ ዞራ በከንፈሯ ታሳየኝ ጀመር። መውጫ ላይ ሙዳየ ምጽዋት አለ። ጾመኛው በሳምንቱ ያተረፈውን የእራት ሂሳብ ነው የሚከትበት። 180 ብር ከተትኩ። ባለ ባጃጁ ካተረፈብኝ ላለማነስ ነው፤ ከምጽዋት አይቆጠርልኝ ይሆናል።

መመለሻው ምንም የለውም፤ ተኝቼ መጣሁ።

ማክሰኞ አሞራ ገደል ምሳ ላይ ሆኜ አክስቴ ደወለች። ትከሻዬን ጠየቀችኝ። የቦርሳ ማንገቻ አያስነካኝም አልኳት። እማማ «ያ የጣለኝ ልጅ ለሆሳዕና ይመጣል ወይ?» እያሉ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዓሣ በላህ?»

ሾርባው ፊቴ ተቀምጦ ይጨሳል። ሎሚ ሁሉ ጨምቄበታለሁ።

«ገና» አልኳት።