ሳህን ያጋልጣል

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ሁዳዴ ላይ ነበርን። ከተማው ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እኔም ከቤት ሥሪ ተባልኩ። በሳምንቱ እማዬ ትሪውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለችውና ለየራሳችን ሳህን አወጣች። ጉርሻም ቀረ።

ስንት እንጀራ እንደምበላ ያወቅኩት ያኔ ነው። ትሪ ላይ ማን ቆጥሮ ያውቃል? አንዱ ሽሮው ላይ ያተኩራል፣ አንዱ ጥግ ጥጉን ይዞ ይሄዳል፣ ወሬው ሲደራ ደግሞ ይጨመራል። ሳህን ግን ያጋልጣል። ሁለት እንጀራ! ያውም ቀኑን ሙሉ ከሶፋ ሳልነሳ። ታናሽ ወንድሜ ተገላቢጦሹ ሆነ። ትሪ ላይ ሲሻማ የኖረ ልጅ ሳህኑን ይዞ መኝታ ቤት ይገባና ግማሹን ትቶ ይመለሳል። የሚሻማው ሲያጣ ምግቡም አስጠላው መሰለኝ።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሲወደዱ ታስታውሳላችሁ። እማዬ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ፌጦ በሎሚ ታስጠጣን ነበር። ኮሮናን አይከላከልም ብላት «ታዲያ ምን ይጎዳሻል?» ብላ ብርጭቆውን ታስይዘኛለች። አፍንጫ መክፈቱን ግን አልክድም።

ቡናው ባሰ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። እኛ ቤት ልክ አራት ነን፤ አንድ ጎረቤት ከጠራን አዋጅ ጣስን ማለት ነው። ጎረቤት ይጋራው የነበረው ጀበና ለእኛው ቀረ፣ አቦል ቶና በረካ እያልን እንቅልፍ አጣን፣ የቡና ቁርሱ ቆሎም ከእኔ ጋር ቀረ። ቀሚሴ ይመስክር።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትለን ሌሊት ላይ ዶሮው ቀረበ። አሥራ ሁለት ብልት ለአራት ሰው፣ ሦስት ሦስት። ድሮ መላላጫው የማን ነው እየተባለ ስንት ክርክር ነበር፣ በዚያ ዓመት ግን እማዬ ቀድማ ደልድላ ጨርሳ ነበር፤ እንዲህ ሳንጨቃጨቅ የበላነው ፋሲካ ትዝ አይለኝም፣ ደስ አይልም ግን። ዝም ብለን እየበላን ሳለ እማዬ እንጀራ ቆርሳ፣ ከእንቁላሉ ጨምራ፣ በወጥ አርሳ ጠቀለለችና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እኔም አፌን ከፈትኩ። መሀል ላይ ትዝ አላት፣ እጇ እዚያው ቆመ። ሳህኔ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችልኝና፣

«በይ ራስሽ ጉረሺው» አለችኝ።