ድምፃቸው እየጎረነነ ላሉ ልጆች ንግግር ማስተማር

በወንዶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና የአደባባይ ንግግር ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ተማሪዎቼ አፋቸውን የማይከፍቱት ቋንቋውን ስለማያውቁ ነው ብዬ አምን ስለነበር የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት በሰዋስውና በቃላት ጥናት ፈጀሁት። በጽሑፍ ፈተና ጥሩ ውጤት አመጡ፤ ወደ መድረክ ስጠራቸው ግን እንደ ቀድሞው ወለሉን እያዩ ዝም አሉ። ስሕተቴ የገባኝ በጽሑፍ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ የ14 ዓመት ልጅ ንግግሩን ጀምሮ፣ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፁ ድንገት ቀጥኖ ሲሰበርበት ነው። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ልጁም ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት እጁን አላወጣም።

ወንዶች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ማንቁርታቸው በፍጥነት ያድጋል፤ የድምፅ አውታሮቻቸው ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፤ ድምፃቸውም በሙዚቃ ልኬት አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለውን ርቀት ያህል ዝቅ ይላል። አካሉ አዲሱን መሣሪያ መቆጣጠር እስኪለምድ ድረስ ድምፁ አንዴ ይጎረንናል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ ፍርሃት ጡንቻን ስለሚወጥርም ልጁ በሰው ፊት ሲቆም ችግሩ ይብስበታል። እኛ ደግሞ በአደባባይ ተናገሩ የምንላቸው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ወንድ ልጅ ሲሳቅበት ይጠነክራል ይሉኛል፤ እኔ ያየሁት ግን የተሳቀበት ልጅ ወይ ዝምተኛ ወይ የክፍሉ ቀልደኛ ሲሆን ነው፤ ሁለቱም መደበቂያዎች ናቸው።

ስለዚህ በቅድሚያ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ለክፍሉ በግልጽ አስረዳሁ። ቀጥሎም ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ጊዜ እንዲናገሩ አደረግሁ፤ በዚያ ሁካታ ውስጥ የአንድ ልጅ ድምፅ ቢሰበር ከጓደኛው በቀር የሚሰማው የለም። ከጥንድ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሙሉ ክፍል የተሸጋገርነው ቀስ ብለን ነው። ተማሪ እየተናገረ ሳለ ማረምም ተውኩ፤ ስሕተቱን በማስታወሻዬ ይዤ ሲጨርስ ሁለቱን ብቻ እነግረዋለሁ። ይህ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ መምህር የተሳሳተ የግሥ ጊዜ ሰምቶ ዝም ማለት እጅግ ይከብደዋል።

ከቋንቋው በኩል ብዙ ሰዓት የሰጠሁት ለአነጋገር ምት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም እንደሚለውጥ በጆሮው ያውቃል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ግን ይገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ከቃሉ ቀለማት፣ ማለትም ተነጣጥለው ከሚጠሩት የድምፅ ክፍሎቹ፣ አንዱን አጉልቶ በመጥራት ነው፤ «ሪኮርድ» የመጀመሪያው ቀለም ሲጎላ ስም፣ ሁለተኛው ሲጎላ ግሥ ይሆናል። «ፎቶግራፍ» ላይ የመጀመሪያው፣ «ፎቶግራፈር» ላይ ሁለተኛው፣ «ፎቶግራፊክ» ላይ ደግሞ ሦስተኛው ቀለም ይጎላል። ሁሉንም ቀለም በእኩል ኃይል የሚጠራ ተናጋሪ አንድም የሰዋስው ስሕተት ሳይሠራ አድማጩን ያደክማል። ምቱን ያስተማርኳቸው ጠረጴዛ በማስመታት ነው፤ ወንዶች ልጆች ጠረጴዛ መደብደብ ሲፈቀድላቸው የሚያሳዩትን ትጋት በሌላ ትምህርት አላየሁም።

ንግግር በርዝመቱ ይለካል ብለው ለሚያምኑት በአሜሪካዋ ከተማ በጌቲስበርግ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የሞቱ ወታደሮች መካነ መቃብር ሲመረቅ የሆነውን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1863 ዋናው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ፤ ከእሱ በኋላ የተነሣው ፕሬዚዳንቱ አብርሃም ሊንከን ግን 270 ገደማ በሆኑ ቃላት ጨረሰ። በኤቨረት መፍረድ አይገባም፤ የዘመኑ አድማጭ ይጠብቅ የነበረው ረጅሙን ነው፤ እሱም ራሱ በማግስቱ ለሊንከን በጻፈው ደብዳቤ የአጭሩን ንግግር ብልጫ መስክሯል። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ከሁለት ደቂቃ በላይ መናገር አይፈቀድም፤ በእጅ የሚያዘውም አምስት ቃላት የተጻፉበት ካርድ ብቻ ነው።

ይበልጥ የጠቀመን ግን ክርክር ነው። ወንዶቹ መሸናነፍ ስለሚወዱ መጀመሪያ ላይ ክርክሩ ጩኸት ብቻ ሆኖ ነበር፤ የተቃራኒውን ሐሳብ በትክክል ደግሞ ሳይናገር መልስ የሚሰጥ ቡድን ነጥብ ያጣል የሚል ደንብ ካወጣሁ በኋላ ግን ሁሉም እስክሪብቶ ይዞ ማዳመጥ ጀመረ። ያ ወረቀቱን አጥፎ የተቀመጠው ልጅ በመጀመሪያ ሰዓት ተቆጣጣሪ መሆንን መረጠ፤ ቆይቶም ከቡድኑ አንድ ልጅ ሲቀርበት ተተክቶ ተነሣ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተሰበረበት። ተቃራኒዎቹ አንገታቸውን ደፍተው የሚመልሱለትን ይጽፉ ስለነበር፣ መሰበሩን ልብ ያልኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።