አሥራ አራት ሰውና አንድ ሹፌር

ቡድን ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ባይ ነኝ፦ መኪና የሚመርጥና ሹፌር የሚመርጥ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። በእኛ ስብስብ ውስጥ ሚኒባስ ፈልጎ፣ ዋጋ ተነጋግሮ፣ ሰው ቆጥሮ ማሳፈሩ ከጊዜ ብዛት የእኔ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ማንም አልሾመኝም። ይኼ ነገር አንዴ እሺ ካሉት ወዲያ መውረጃ የለውም። ሰሞኑንም ጉዞ ሲታሰብ «የመኪናው ነገር ያው እንደተለመደው ነው» ተባለና ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ።

ስደውል ከዋጋ በፊት የምጠይቀው ማን እንደሚነዳና እሱን ማነጋገር እችል እንደሆነ ነው። አከራዮች ይኼን ጥያቄ አይወዱትም። «ጎበዝ ሹፌር ነው፣ ምንም አያስቡ» ይላሉ። ጎበዝ ይሁን፤ እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱን ማወቁ ነው። የአካባቢው ሰው የሆነ ሹፌር ስልካችን ላይ ያለው ካርታ የማያውቀውን ያውቃል። ከዝናብ በኋላ የትኛው ድልድይ እንደሚያስቸግር፣ ጭጋጉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገፈፍ፣ የትኛው ማደያ ነዳጅ እንደማይጠፋበት፣ ሕፃን ይዞ ለመቆም የሚሆን ንጹሕ መጸዳጃ የት እንዳለ። ካርታው «አቋራጭ» ብሎ የሚያሳየውን መንገድ ለምን ማንም እንደማይሄድበትም ያውቃል።

በዚህኛው ጉዞ የደረሱን ሹፌር ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ስልክ ላይ ጠያቂው እኔ መሆኔ ቀርቶ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር።

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አራት።»

«ሕፃናት አሉ?»

«ሁለት አሉ።»

«እነሱስ ወንበር አላቸው ወይስ ጭን ላይ ናቸው?»

እዚህ ላይ ሰውየውን ወደድኳቸው። ከአሥራ አራቱ ውስጥ መሆናቸውን ነገርኳቸው። «ጥሩ። ሻንጣውስ?»

ስለ ሻንጣ የሚጠይቅ ሹፌር ብዙ አይገጥምም። አሥራ አራት የተሳፋሪ ወንበር ያለው መኪና አሥራ አራት ሰው ከነጓዙ ይይዛል ማለት አይደለም። ወንበሩ ሁሉ ሲሞላ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ የሚተርፈው ቦታ የእጅ ቦርሳ ቢይዝ ነው። የቀረው ጣራ ላይ ይወጣል፤ ጣራ ላይ የወጣ ክብደት ደግሞ ኩርባ ላይ መኪናውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ያለ ሻንጣም ቢሆን የተሳፋሪው ብዛት ብቻውን ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ባለ 15 ሰው ቫኖች 10 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ጭነው አደጋ ሲደርስባቸው የመገልበጣቸው ዕድል ጥቂት ሰው ከያዙት ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ገልጾ ነበር። ሰው በበዛ ቁጥር ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሸሻል።

የጉዞው ዕለት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስንሰበሰብ፣ ከመካከላችን አንዷ አገር ለቃ የምትሄድ የሚያስመስል ሻንጣ እየጎተተች መጣች። ሹፌሩ አልተቆጡም። እያንዳንዱን ቦርሳ በእጃቸው አንሥተው ክብደቱን ለኩ፤ ከባድ ከባዱን ከወንበር ሥር አስገቡ፣ ቀላሉን ወደ ኋላ አደረጉ። ትልቁን ሻንጣ አስከፍተው የሚያስፈልገው ብቻ በፌስታል እንዲወጣና ሻንጣው እንዲቀር ጠየቁ። አንዱ ወጣት «ሌላ ጊዜ እኮ ሁሉንም ጣራ ላይ ጭነን ሄደናል» አለ።

«ደርሳችኋል፤ እግዜር ይመስገን» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔ በዚህ መሀል ጎማ እያየሁ ነበር። በዚህ ልማዴ ይስቁብኛል። የጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉ አራት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። 2322 ካለ እ.ኤ.አ. በ2022 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቀበቶ። ኒልስ ቦሊን ለቮልቮ ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ግን ዛሬም ቀበቶው ከመቀመጫው ሥር ተቀብሮ በቁፋሮ ነው የሚገኘው። የእኚህ ሰው መኪና ላይ ሁሉም ወጥቶ፣ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈተሽኩም።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። መውረጃው ገና ሳይጀምር ማርሽ ቀንሰው በከባድ ማርሽ ገቡ፤ ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ከኋላ «መኪናው ምን ሆኖ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። «ፍሬኑን ለታች ላስቀምጠው ብዬ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። ሙሉ ሰው የጫነ መኪና ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የሚከዳው ታች፣ ኩርባው ላይ ነው።

ስለ ውሉ ብዙ አልልም። ነዳጁ የማን ነው፣ ባዶ የሚመለስበት መንገድ ይታሰባል ወይ፣ የማቆሚያና የመንገድ ክፍያውን ማን ይከፍላል፣ ከተባለው ሰዓት ካለፈ ስንት ይጨመራል፤ ይኼን ሁሉ ቀድሞ በጽሑፍ መላላክ ነው፣ በቃ። ኢንሹራንሱ ግን ተለይቶ ይጠየቅ፤ የግል መኪና ዋስትና በክፍያ ለተሳፈረ ሰው ብዙ ጊዜ አይሠራም። አዳር ካለበት ደግሞ ሹፌሩ የሚተኛበትን አልጋ ከሁላችንም መዋጮ አወጣለሁ። «መኪናው ውስጥ ይተኛል፣ ለምደውታል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልከራከርም፤ በማግስቱ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው እሱ እንደሚሆን እነግረዋለሁ።

ከቡድን ጋር የሚያጋጨኝ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። እኛ ወርደን ስንዞር ሹፌሩ የሚያርፍ ይመስለናል። ያ ሰው ዕቃችንን ይጠብቃል፣ መኪናውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ያዛውራል፣ ጃኬት ረስቶ ለሚመለስ በር ይከፍታል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የዚህ ዓይነት መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ሕጉ የሚለውን ትተን የራሳችንን ቀን እናስላው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እኛ በር ለመድረስ ሰውየው በ9 ሰዓት ተነሥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል፤ ብዙ አገሮች መንዳት የሚከለክሉበት ልክ ማለት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት 17 ሰዓት ሲቆጠር ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል፤ ልክ የእኛ ሰዎች «ገና በጊዜ ነው» የሚሉበት ሰዓት።

አሉም። ስንመለስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሐይቅ አይተን እንለፍ የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ «ትንሽ ብቻ፣ ፎቶ አንሥተን»። ሹፌሩ መልስ አልሰጡም። በመስታወቱ ወደ እኔ አዩ። ከፋዩ ቡድን «ይቻላል» ሲል ሹፌር ብቻውን «አይሆንም» ማለት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ቀጣዩ ሥራው በእኛ ምስክርነት ላይ ነዋ። «አንሄድም፣ ቀጥታ ወደ ቤት» አልኩ። ሐይቁ የት ይሄዳል? አኮረፉ። አንዳንዶቹ እስክንደርስ አላናገሩኝም።

በማግስቱ የቡድኑ መልእክት ልውውጥ ላይ ግማሹ ቀኑ አጠረ እያለ ያማርራል፣ ግማሹ የሹፌሩን ስልክ ይጠይቃል። ያቺ ሻንጣዋ የቀረባት ልጅ ሁለቱንም ጽፋለች። ቁጥራቸውን ለጠየቀ ሁሉ ሰጥቻለሁ፤ የመጪውን ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ግን አስቀድሜ እኔው ይዣቸዋለሁ።